የኪራይ ሚዛን

ልሄድ በተነሳሁበት ማታ ታናሽ እህቴ ሄለን ሻንጣዬ ላይ ተቀምጣ «ካልወሰድከኝ አልነሳም» አለች። ፋርማሲ መማር ትፈልጋለች፤ ነጥቧ ግን ለመንግሥት ዩኒቨርሲቲ አልበቃም። እኔ የፋርማሲ መምህር ነኝ፤ የቀጠረኝ የናይሮቢ የግል ኮሌጅ ደግሞ የመምህራኑን ቤተሰብ በነፃ ያስተምራል። «አንድ ዓመት ታገሺኝ» ብያት በሞያሌ በኩል ወጣሁ።

ኮሌጁ ዌስትላንድስ የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ከአንድ መጠጥ ቤት በላይ ባለ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት አለው፤ ላቦራቶሪ የለውም። እኛ አገር ለአንድ ሚዛን ተሰልፈን እንማረር ነበር። እዚህ ቅባት መቀመም የሚማሩት ከሰሌዳ ነው፤ እኔ ሙቀጫ እስላለሁ፣ እነሱ ይገለብጣሉ። ምግባቸውም እንደ ትምህርታቸው ነው፤ ኡጋሊ የሚሉት ቅቤም በርበሬም ያልነካው ገንፎ!

ለዳይሬክተሩ አቤት አልኩ።

«ምዋሊሙ» አለኝ፣ መምህር ማለቱ ነው፤ «መድኃኒት ዛሬ ታሽጎ ነው የሚመጣው። ሙቀጫ ምን ያደርግልሃል?»

«ለሕፃን መጠን ሲታዘዝስ? ክኒኑን ፈጭቶ፣ መዝኖ የሚያካፍለው ማነው?»

«እናቲቱ በቢላ ትከፍለዋለቻ!»

ዓመቴ ሊሞላ ሲል የኮሌጁን ፈቃድ የሚያድሱ የመንግሥት ተቆጣጣሪዎች የሚመጡበት ቀን ደረሰ። ጠዋት ሚዛን፣ ሙቀጫና ብልቃጥ ከሌላ ኮሌጅ በኪራይ፣ በፒክአፕ ተጭነው መጡ። ዳይሬክተሩ ክራቫቴን እያቃናልኝ «ዛሬ ካለፍን እህትህ በሚቀጥለው ወር ትገባለች፣ ሳዋ?» አለኝ፤ እሺ? ማለቱ ነው።

ዋናዋ ተቆጣጣሪ ጥቁር ኮት የለበሱ ወይዘሮ ናቸው። አንዱን ተማሪ አምስት ግራም ታልክ እንዲመዝን አዘዙት። ደንቡን በቃሉ የሚወጣ ጎበዝ ልጅ ነው። ግን ወረቀት ሳያነጥፍ ዱቄቱን የሚዛኑ ሳህን ላይ ዘረገፈና የበዛውን እፍ አለው። የሴትዮዋ ኮት ነጭ በነጭ ሆነ።

«እነዚህ ልጆች ከመቼ ጀምሮ ነው በዚህ ሚዛን የሚለማመዱት?» አሉኝ እያራገፉ።

ዳይሬክተሩ አፈጠጠብኝ።

«ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ» አልኩ።

ከሰዓት በኋላ ሥራ የሌለኝ ሰው ሆንኩ። ሐበሻ ወደሚበዛበት ሰፈር፣ ኢስሊ ሄጄ ቤት ደወልኩ።

«መቼ ልምጣ?» አለች ሄለን።

በቅደም ተከተል አስረዳኋት፤ መመዘን የማያውቅ ፋርማሲስት ሰው እንደሚገድል፣ ያ ቤት ሱቅ እንጂ ትምህርት ቤት እንዳልሆነ፣ ቀርቶባት የሚቆጫት እንዳልሆነ። ሁሉንም አስጨረሰችኝ።

«አንተ እያለህልኝ?» አለች። «አንድ ሙቀጫ ገዝተህ ማታ ማታ ቤት አታስተምረኝም ነበር?»

ይህን አላሰብኩም ነበር። «ሄሉዬ...» ስል ስልኩን ለእናታችን ሰጠቻት።

«ናይሮቢ ብርድ አለ እንዴ ልጄ?» አለች እማዬ።

«አለ» አልኳት።