ስነዳ የጮኸው ስልክ

ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን ልትወልድ ሆስፒታል በገባችበት ቀን እኔ ባጃጅ ስነዳ ዋልኩ። «ገና ነው፤ እዚህ ተገትረህ ምን ትሠራለህ?» ብላ ያባረረችኝ እህቷ ናት። የሆነ ነገር ካለ ልትደውልልኝ ተስማማን። ቤት ብገባ መቀመጥ አቃተኝና ወጣሁ። ሥራውም ሥራ አልሆነልኝም፤ አቦከር ሰፈር ያለኝን ተሳፋሪ ፈላና በር ወስጄ ተሰድቤያለሁ። በየደቂቃው ስልኬን ከሸሚዜ ኪስ እያወጣሁ ኔትወርክ እንዳለው አያለሁ።

እየነዱ ስልክ ማውራት እንደሚያስቀጣ አላውቅም ነበር አልልም። ከወር በፊት አንድ ትራፊክ ስልኩን በትከሻዬና በጆሮዬ መሃል ወትፌ ሳወራ ይዞ ቀጥቶኛል። «ሕጉ አታውራ አላለህም፤ አቁመህ አውራ ነው ያለህ» ብሎኝም ነበር። ያኔ በቅጣቱ ከመናደድ በቀር ነገሩን አላሰብኩበትም።

ከሰዓት በኋላ ኤረር በር ላይ አንዲት የጀጎል አሮጊት ተሳፈሩ። ጥቂት እንደሄድን ስልኩ ጮኸ። ከኋላዬ አይሱዙ ጡሩምባውን ይነፋል፤ ጠርዙን ቸርቻሪዎች ይዘውታል፤ መቆሚያ የለም። ሃያ ሜትር ብታገሥ ቦታ አገኝ ነበር። አልታገሥኩም። እጄን ወደ ኪሴ ሰደድኩ፣ ዓይኔም አብሮ ወረደ።

ቀና ስል ጫት የተሸከመች ሴት ፊቴ ቆማለች። ፍሬኑን በሙሉ ክብደቴ ረገጥኩት። ባጃጁ ዞሮ ቆመ፤ ሴትየዋ አልተነካችም። አሮጊቷ ግን አፋቸው ከብረቱ ጋር ተጋጭቶ ከንፈራቸው ተሰንጥቋል። ስልኩም እግሬ ሥር ወድቆ ዝም ብሏል።

«ሱብሃነላህ! ማን ሞተብህ ልጄ?» አሉኝ፣ ደሙን በሻሻቸው እየጠረጉ።

«ማንም አልሞተም፣ እናቴ። ሚስቴ ምጥ ላይ ናት።»

«ታዲያ ልጁ ሳይወለድ አባቱን ልትገድልበት ነው?»

መልሼ ብደውል አልገባ አለኝ። እሳቸው ስልኩን ከእጄ ወሰዱትና «ወደ ሆስፒታል ንዳ። እኔም ይህን ከንፈር ላሳየው» አሉ። መንገድ ላይ እንደገና ጮኸ። አነሱት። እኔ የምሰማው የእሳቸውን ብቻ ነው፤ «አዎ... የምን? ... እሺ፣ እነግረዋለሁ።»

«የሚስቴ እህት ናት፤ ምን አለች?»

«አቁም መጀመሪያ።»

«እናቴ፣ በአላህ ይዤዎታለሁ!»

«አቁም ብዬሃለሁ!»

ጥግ ይዤ አቆምኩ። ልጁ ማህፀን ውስጥ ስለተጋደመ በኦፕራሲዮን ሊያወጡት እንደሆነ፣ ፊርማዬን እንደሚፈልጉ ነገሩኝ። «አሁን ሰምተሃል። ቀስ ብለህ ንዳ» አሉና እስክንደርስ በሹክሹክታ ዱዓ አደረጉ።

ፈረምኩ። ኮሪደሩ ላይ ወዲያ ወዲህ ስል ሴት ልጅ ወለድን፤ እናቷም ደህና ሆነች። ሮጬ ወደ ድንገተኛ ክፍል ስመጣ ነርሷ የአሮጊቷን ከንፈር ሰፍታ ጨርሳ ነበር። «ምን ሆነው ነው?» ብላ ስትጠይቅ፣ እሳቸው ወደ እኔ ሳያዩ «ደረጃ ላይ ወደቅሁ» አሉ። እውነቱን መናገር የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ዝም አልኩ።

ያ ዝምታ እንቅልፍ ነሳኝ። ልጃችን በተወለደች በሳምንቷ ለባለቤቴ ሁሉንም ነገርኳት። ሕፃኗን እያጠባች ሰማችኝ።

«ያቺን ጫት የተሸከመች ሴት መትተሃት ቢሆንስ?» አለች።

መልሴን ሳትጠብቅ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ልጅቷን አቀፈቻት።