አፉ ያልተሰፋው ትራስ

ወይዘሮ ሮማን ባለፈው ማክሰኞ ንጋት ላይ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ባለው ቤታቸው ማረፋቸውን የሰማሁት ከእድራችን ለፋፊ ነው። ድሮ ቢሆን እሳቸው ጉንፋን ሲይዛቸው እንኳ መጀመሪያ የሚነገረው ለእኔ ነበር። ለማንኛውም ሄጃለሁ፤ ጥቁር ለብሼ፣ ከኋላ ቆሜ ቀብሬያለሁ። አልመጣችም የሚል ካለ፣ ዞር ብሎ ያላየ ነው።

በቀብሩ ላይ የሕይወት ታሪካቸው ሲነበብ ብዙ መልካም ነገር ተባለ፤ አብዛኛውም እውነት ነው። አንዱ ግን እውነት አይደለም። «የቅርብ ባልደረባቸው ዓይናቸው ደክሞ ሥራውን በተዉ ጊዜ፣ ወይዘሮ ሮማን ብቻቸውን ሱቁን ይዘው ቀጠሉ» ተብሎ ተነበበ። ያቺ ባልደረባ እኔ ጽጌ ነኝ። ዓይኔ አልደከመም። ዛሬም መርፌ ላይ ክር የማስገባው ያለ መነጽር ነው። ይህን ወሬ ለከተማው ያወሩት እሳቸው ራሳቸው ነበሩ፤ እኔም ለብዙ ዓመት ዝም አልኩ። አሁን ግን ወረቀት ላይ ሰፍሮ፣ በሕዝብ ፊት ተነቦ፣ በየስልኩ እየዞረ ስለሆነ፣ ለምታውቁን ሁሉ የሆነውን እንደሆነው ልጽፍላችሁ ተነሣሁ።

እኛ ድሬዎች አንቱ መባባል ብዙም አይሆንልንም። እኔና ሮማንም አንድ ቀን አንቱ ተባብለን አናውቅም። እዚህ ግን ለሞተ ሰው የሚገባውን ክብር አልነፍጋቸውም።

የፍቅረኞች ቀን በከተማችን ገና እንደ በዓል በማይቆጠርበት ጊዜ፣ የእሳቸው ቤት ጠባብ የልብስ ስፌት ቤት ነበረች። እኔ ከኋላ ክፍል ጥልፍ እጠልፋለሁ፤ እሳቸው ከፊት ሆነው ደንበኛ ይቀበላሉ፣ ይለካሉ፣ ይቆርጣሉ። አንድ የካቲት አንድ ወጣት መጥቶ ለሚወዳት ልጅ የሚሰጠው ነገር እንደሚፈልግ፣ ምን እንደሆነ ግን እንደማያውቅ ነገራቸው። ወይዘሮ ሮማን ከሙሽራ ልብስ የተረፈ ቀይ ሳቲን አነሡና በልብ ቅርጽ ቆረጡት። እኔ ሁለት ወፍ ጠለፍኩበት። በዓመቱ የልጁ ጓደኞች መጡ። ከዚያ በኋላ ጥምቀት ባለፈ ቁጥር ቤቱ ቀይ ይሆናል፤ በሽቦ ላይ የሚጠመጠም የወረቀት ጽጌረዳ፣ በሪባን የታሰረ መሐረብ፣ ከግንቦት ጀምሮ በመጽሐፍ መሃል ያደረቅነው የከዚራ ዛፎች አበባ የተለጠፈበት ካርድ። ከሁሉም በላይ ግን ሰው የሚፈልገው ትራሱን ነበር።

የትራሱ ሥርዓት የእሳቸው ነው፤ ይህን አልወስድባቸውም። ስፌቱ ሁሉ አልቆ፣ ጥጡም ተሞልቶ፣ ጫፉ ላይ ሦስት ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ይተዋሉ። «አፉ» ይሉታል። ገዢው ሲመጣ ጭብጥ ጥጥ ይሰጡታል፤ በገዛ እጁ በአፉ ያስገባል፤ ከዚያ እዚያው ፊቱ ይሰፉታል። ልጆቹ ያፍራሉ፤ ይሳሳቃሉ። አንዱ ሹፌር «አቦ ሮሚ፣ እኔ የከፈልኩት ተሰፍቶ እንዲሰጠኝ ነው፤ ጥጥ ልጠቀጥቅልሽ ነው እንዴ?» ብሏቸው ነበር። እሳቸውም ጥጡን እጁ ላይ አድርገው፣ «የሰጪው እጅ ያልገባበት ስጦታ እዚሁ ታይዋን ገበያም ተቆልሎ ይገኛል፤ እዚያ ሂድ» አሉት። ልጁ ጠቀጠቀ።

ደግም ነበሩ። ከኢንዱስትሪ ፓርኩ የመጣች አንዲት ሠራተኛ ለእጮኛዋ መሐረብ ፈልጋ፣ መሐረቡን እያነሣች ስትመልስ አይተው ዋጋ አልነገሯትም። ወንበር ሰጥተው አስቀመጧት፤ እንዴት እንደሚጠለፍ እስከ ማታ አስተማሯትና ራሷ የሠራችውን ይዛ ሄደች። ሚስታቸው አልጋ ላይ የዋሉ አንድ የምድር ባቡር ጡረተኛ ነበሩ፤ በእግራቸው እስከ ሱቁ መድረስ ባቃታቸው ዓመት ወይዘሮ ሮማን ትራሱን፣ ጥጡንና መርፌውን ይዘው በባጃጅ ቤታቸው ድረስ ሄዱ። ሽማግሌው ሚስታቸው ፊት ጥጡን አስገቡ፤ ወይዘሮ ሮማን ሰፉ። ሲመለሱ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር፤ አቧራ ነው አሉኝ። እኔም ታይፎይድ ይዞኝ በተኛሁ ጊዜ አጥሚት እየሠሩ በእጃቸው ያጠጡኝ እሳቸው ናቸው። ይህን ካልጻፍኩ ቀጥሎ የምጽፈው አይታመንም።

በየዓመቱ በበዓሉ ዋዜማ፣ ሥራ አናታችን ላይ በቆመበት ሰዓት፣ ወይዘሮ ሮማን ወደ ኋላ ክፍል ብቅ ብለው ቀይ ክር እንዳለቀ ይነግሩኝና ወደ ቀፊራ ገበያ ይልኩኛል። በዚያ ፀሐይ፣ በጋሪና በሰው መሃል እየተጋፋሁ ክር ገዝቼ እመለሳለሁ። ክሩን የማጠነጥነው፣ ስንት እንደቀረ የማውቀው እኔ ነኝ። አላለቀም ነበር። ግን ጓደኛዬ አልቋል ካለች አልቋል።

ሌላም ነገር ነበር። ከዓመታቱ በአንዱ፣ በበዓሉ ማግስት፣ ሻይ እየጠጣን «ባለቤትሽ ምን ሰጠሽ?» ብለው ጠየቁኝ። ፊታቸው ፈክቶ ነበር፤ መልሱን የሚያውቅ ሰው ፊት። የእኔ ባል እንዲህ ያለ ነገር እንደማያውቅ እየሳቅኩ ነገርኳቸው። እሳቸው ግን አልሳቁም። ብርጭቋቸውን አስቀምጠው፣ ስኳሩ ያልሟሟ ይመስል ለረጅም ጊዜ አማሰሉ። እኔ ያዘኑልኝ መስሎኝ ነበር።

ከዓመታት በኋላ የጎረቤቴ እህት ከከተማው ወጣ ብላ ባለችው ዋሂል ላይ ሞታ ለቅሶ ሄድን። የሟች ቤት ስለሞላ እኔንና ሌሎች ሴቶችን ከጎን ያለች አንዲት ሴት ቤቷ አስገባችን። አልጋው ላይ፣ በግድግዳው ልክ፣ ቀያይ ትራሶች ተደርድረዋል። እኔ ግራኝ ነኝ፤ የምጠልፈው ቅጠል ሁሉ ወደ ግራ ያዘነብላል። ቅጠሎቹ ወደ ግራ አዘንብለዋል። ወፎቹን አውቃቸዋለሁ። ምንቃራቸውን ወርቅማ ያደረግኩበትን ዓመት፣ ሰማያዊ ክር የጨመርኩበትን ዓመት አንድ በአንድ አወቅኳቸው።

ውሃ ስታቀርብልን «ጥሩ እጅ ነው» አልኳት።

«ባለቤቴ ነው በየዓመቱ የሚያመጣልኝ፤ ሥራው ድሬ ነው» አለችኝ። ትሑት ሴት ናት፤ እስከ ዛሬም በእሷ ላይ ክፉ ቃል የለኝም። «ሮማን የምትባል ሴት ናት አሉ የምትሠራው።»

ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶ ማየት አላስፈለገኝም ነበር፤ ግን አየሁት። የለበሰውን ሸሚዝ የተኮስኩት እኔ ነኝ።

ስለ እሱ እዚህ አልጽፍም፤ ከቤቴ ወጥቷል፣ በቃ። ወንድ ይከዳኝ ይሆናል ብዬ ከልጅነቴ ጀምሮ ተዘጋጅቼ ነበር፤ እናቴም ያሳደገችኝ ለዚያው ነው። ለጓደኛ ግን ማንም አላዘጋጀኝም። ከዋሂል እንደተመለስኩ ቤቴ አልገባሁም፤ በቀጥታ ወደ ሱቁ ሄድኩ። ወይዘሮ ሮማን ሪባን እየቆረጡ ነበር።

«ለምንድነው ወደ ቀፊራ ትልኪኝ የነበረው?» አልኳቸው።

መቀሱን አላስቀመጡም። «ክር አልቆ ነዋ።»

«ሮማን፣ ዋሂል ነበርኩ።»

ያኔ መቀሱን አስቀመጡ። «የመጀመሪያውን ዓመት ላንቺ መስሎኝ ነው፤ ወላሂ። ደስ ብሎኝ ነው የሰፋሁለት። ማግስቱን ስጠይቅሽ ነው የገባኝ። ከዚያ እንዴት ብዬ ልንገርሽ?»

የመጀመሪያው ዓመት ይሁን፤ በሁለተኛውስ ማን አስገደዳቸው? ይህንኑ ጠየቅኳቸው። የደንበኛ ምስጢር የደንበኛ እንደሆነ፣ ሱቁን የሚያስከብረውም ይህ እንደሆነ ነገሩኝ። «ቄስ ብሆን ኖሮ ትጠይቂኝ ነበር?» አሉኝ።

«ቄስ ትራስ አይሸጥም» ብያቸው መሐረቤን ከወንበሩ አንሥቼ ወጣሁ።

እስኪ አስቡት። በዚያች ጠባብ ቤት፣ በጀርባና በፊት ክፍል፣ መሃላችን መጋረጃ ብቻ ሆኖ፣ እኔ ባሌ ለሌላ ሴት የሚሰጠውን በገዛ እጄ ጠልፌያለሁ። እሳቸው ፊቱ ቆመው ጥጡን በእጁ አስይዘውታል፤ አፉንም ሰፍተውለታል። ያ ሁሉ ሲሆን እኔ ቀፊራ ላይ ያላለቀ ክር እየገዛሁ ነበር።

አልተጣላኋቸውም፤ ለማንም አልተናገርኩም። አንድ ነገር ብቻ ጠብቄያለሁ። መጥተው «በድዬሻለሁ» እንዲሉ። እሳቸው ግን ለጠየቃቸው ሁሉ «ጽጌ ዓይኗ ደክሞ ነው» አሉ። ሰዎች መንገድ ላይ ክንዴን እየያዙ ሊያሻግሩኝ ጀመሩ። ከትራሱና ከዚህ ወሬ የትኛው ይበልጥ እንዳመመኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። ደቻቱ ድልድይ ላይ ፊት ለፊት ተገናኝተን እናውቃለን፤ ሰላም ተባብለን፣ ስለ ሙቀቱ አውርተን ተለያይተናል።

በሠልስቱ ማግስት የእህታቸው ልጅ ቤቴ መጣች። በአልጋቸው ላይ ሆነው በመጨረሻ የሠሩት ነው፤ ለጽጌ ስጫት ብለውኛል ብላ በነጠላ የተጠቀለለ ነገር አስረከበችኝ። ቀይ ትራስ ነው። ወፍ የለበትም፤ ጥልፍ አይችሉም ነበር። ጥጡ ተሞልቷል፤ ጫፉ ላይ ሦስት ጣት የሚያስገባ አፍ ተትቷል። አብሮት ሌላ ነገር ተልኮ እንደሆነ ጠየቅኳት። ጭብጥ ጥጥ ብቻ እንደሆነ ነገረችኝ። ያሉት ነገር አለ ወይ ብዬም ጠየቅኳት። ምንም አላሉም።

እንግዲህ ሮማን፣ አንቱታው እዚህ ላይ ይብቃን። የላክሽው ደርሶኛል። ምን ማለትሽ እንደሆነም ገብቶኛል፤ አንቺን የሚያውቅ ሰው አይጠፋውም። ጥጡን በእጄ እንዳስገባ፣ አፉንም እኔው እንድሰፋው ነው። በዚያ ሁሉ ዓመት አንድ ቃል ለመናገር ከከዚራ እስከ ቤቴ በባጃጅ መምጣት አቅቶሽ፣ ለጡረተኛው ሚስት ግን መርፌና ክር ይዘሽ ሄደሻል። እኔም ያንን ነበር የምፈልገው። ትራስ አልነበረም።

ትራሱን ብርሃን ላይ አይቼዋለሁ። በግራ በኩል ስፌቱ ሁለት ቦታ ላይ ተዛብቷል፤ ደህና በነበርሽበት ጊዜ እንዲህ ያለውን ከሱቅ አታስወጪም ነበር። ፈትቼ መልሼ ሰፋሁት፤ ያለ መነጽር። ይቅርታ እንዳይመስልሽ፤ የተዛባ ሥራ ቤቴ ውስጥ ስለማላስቀምጥ ነው። አፉን ግን እንዳለ ትቼዋለሁ። ጥጡ አጠገቡ ነው። የካቲት ሲመጣ አየዋለሁ።

ደህና ሁኚ፣ ሮሚ። አፈሩ ይቅለልሽ። ክር አላለቀም።