በጋሽ ተካ ኮምፒዩተር ላይ የቀረችው ምልክት

ባለፈው እሁድ ሰብለ አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር በባጃጅ ጭና ድሬዳዋ ሳቢያን ያለው ቤቴ ድረስ አመጣችልኝ። ሞኒተሩ ጀርባው የተነፋ የድሮ ዓይነት ነው፤ ኪቦርዱ ላይ ያሉት ፊደሎች በጣት ብዛት ግማሾቹ ጠፍተዋል። ማብሪያውን ስጫነው ማራገቢያው እንደ ሽማግሌ አጉረምርሞ ተነሣና ሃያ ዓመት የተኛ አቧራ ሲሞቅ የሚሸተው ሽታ፣ ከደረቀ የጫት ቅጠል ጋር ተደባልቆ፣ ፊቴ ላይ መጣ። ያን ሽታ የትም ቢሆን አውቀዋለሁ። የጋሽ ተካ ሙዚቃ ቤት ሽታ ነው። ከሽታው ጋር የሰውዬው ፊት፣ ጫት የወጠረው ጉንጩ፣ እየሳቀ የሚዘርፍበት አፉ ሁሉ ተከትሎ መጣ። ሰው ሲያረጅ ቂሙ ይለሰልሳል ይላሉ፤ የእኔ አልለሰለሰም። ጋሽ ተካ ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው፣ እኔ ግን ስሙ ሲነሣ አሁንም ጥርሴን እነክሳለሁ።

ሰብለ የጋሽ ተካ የእህቱ ልጅ ናት። ሱቁ ሲፈርስ ዕቃው ለእሷ ደርሷት መልካ ጀብዱ ያለው ቤቷ ውስጥ ተቀምጦ ኖሯል። እኔ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ኮምፒዩተር እንደምጠግን ሰምታ ነው የመጣችው። ላቧን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ወንበር ላይ ከተቀመጠች በኋላ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ጥላ፣ «የእናትህ ዘፈን ውስጡ ካለ ፈልግና ውሰደው ብዬ ነው» አለችኝ። ማራገቢያው እየጮኸ፣ ሞኒተሩ ቀስ እያለ እየበራ፣ እኔ በሐሳብ አሥራ ስድስት ዓመቴ ላይ ነበርኩ።

እናቴ አስካለ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነበር የምትሠራው። ቀኑን ሙሉ የማሽን ጩኸት ለማሸነፍ ስትጣራ የጎለበተ ድምፅ ነበራት፤ ከጓሮ ስትጠራኝ ሦስተኛው መንደር ያሉ ሞክሼዎቼ ሁሉ «አቤት» ይሉ ነበር። ሰርግ ላይ የምትዘፍነው የራሷ ዘፈን ነበራት። ሙሽራዋን ከለገሃሬ አስነሥታ፣ በከዚራ ዛፎች ጥላ ሥር አሳልፋ፣ የደቻቱን ወንዝ አሸዋ አሻግራ መጋላ የምታደርስ ዘፈን ናት። በአማርኛ ትጀምረዋለች፣ ወንዙን ስትሻገር ኦሮምኛ ይሆናል፣ መጋላ ሲገባ ሶማሊኛና ሐረሪ ይቀላቀልበታል፤ ድሬ ላይ ሙሽራ የምታልፍበት ሰፈር ሁሉ በራሱ ቋንቋ ካልመረቃት ምኑን ተዳረች። ባቡር ላይ የሚሠራው አባቴ አንድ ቀን ከጅቡቲ ባመጣት ባለ አንድ ማይክራፎን ቴፕ፣ በጎረቤታችን በዩሱፍ ዑድና በሴቶቹ ከበሮ እየታጀበ ቀዳው። ሁለተኛው አንጓ ላይ፣ ደቻቱ ጋ ስትደርስ፣ እናቴ ትንሽ ትስላለች። የጥጥ ብናኝ ነው፤ እንደገና ይቀዳ ሲሏት «ሳሌም የኔ ነው፣ ተዉት» አለች።

አባቴ ካረፈ በኋላ ያቺ ካሴት ክሯ እየተበላ ስትመጣ፣ እናቴ ወደ ሲዲ እንዲገለብጥላት ለጋሽ ተካ ሰጠችው። ድሬ ላይ አንቱታ እንደ ካፖርት ነው፣ ሙቀቱ አያስለብስም፤ ስለዚህ «ጋሽ» እያልነውም «አንተ» ነበር የምንለው። ጋሽ ተካ «ነገ ነይ» እያለ አንድ ወር አመላለሳት። ከዚያ አንድ ቀን ታይዋን ገበያ ለትምህርት ቤት ጫማ ልትገዛልኝ ይዛኝ ስንሄድ፣ ከአንድ ነጋዴ ስፒከር የራሷን ድምፅ ሰማች። ሲዲውን አንሥታ አየችው፤ ሽፋኑ ላይ የሰብለ ፎቶግራፍ፣ ከሥሩም የሰብለ ስም ነበር። እናቴ ሲዲውን ቀስ ብላ ቦታው መለሰችውና ጫማዬን ገዝታ ወደ ቤት ይዛኝ ተመለሰች። በማግስቱ ሱቁ ሄዳ ስትጠይቀው ጋሽ ተካ እየሳቀ ሰርግ ቤት የተዘፈነ ነገር የማንም አይደለም አላት፤ ካሴቷስ ስትለው ጠፋ አላት። ከዚያ በኋላ ሰርግ ትጠራለች፣ ትሄዳለች፣ በልታ መርቃ ትመለሳለች፤ አፏን ግን ለዘፈን አልከፈተችም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እናቴ ምናልባት ትረሳው ነበር፤ እኔ ነኝ እንድትረሳው ያልፈቀድኩላት።

በሰፈሩ ኮምፒዩተር የሚነካ እኔ ብቻ ስለነበርኩ ጋሽ ተካ ቫይረስ በገባበት ቁጥር ያስጠራኝ ነበር። እናቴ ሁለተኛ ደጁን እንዳትረግጥ ብትለኝም መሄዴን አልተውኩም፤ ቂም ከሩቅ አይበቀልም። ቀኑም መጣልኝ። ጋሽ ተካ ወንድ ልጁን ሊድር ሰርግ ደግሶ፣ ሰብለ በድንኳኑ ውስጥ «የራሷን» ዘፈን በአካል እንድትዘፍን ወሰነ። ዘፋኙን አውጥቶ ሙዚቃውን የሚያስቀር ነገር ኮምፒዩተር ላይ እንዳለ ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ነግሮት ነበርና ጠራኝ። ጉንጩን እንደወጠረ፣ ዓይኔን እያየ፣ «የእናትህን ድምፅ አውጣልኝና ሙዚቃውን ብቻ ተውልኝ፤ ሰብለ ትዘፍንበታለች» አለኝ። ይህን ለልጇ መናገር ነውር መሆኑ አልታየውም። እሺ አልኩት።

ነገሩ በሙዚቃ ማጫወቻው ፕሮግራም ላይ የሚጨመር ፕላግኢን የሚባል ትንሽ ፕሮግራም ነው። ከዚራ ካለ ኢንተርኔት ቤት ግማሽ ቀን ቁጭ ብዬ አውርጄ በፍሎፒ ይዤው መጣሁ። መጀመሪያ የማይሆን ፎልደር ውስጥ ከትቼው ማጫወቻው ጭራሽ አላውቀውም አለ። ወደ ትክክለኛው ፎልደር አዛውሬ፣ ማጫወቻውን ዘግቼ ከፍቼ፣ በስሙ ፊት ያለችው ትንሽ ሣጥን ላይ ምልክት ሳደርግ ደግሞ ድምፁ መንተፋተፍ ጀመረ። ለካ ጋሽ ተካ ቀኑን ሙሉ የሚጫወተው የካርታ ጨዋታ ከሥር ተከፍቶ ኖሮ ነው። እሱን ስዘጋው ሁሉም ተስተካከለ። ስቱዲዮ ውስጥ የተቀዳ አንድ ዘፈን ስከፍትበት ዘፋኙ በሩን ዘግቶ እንደወጣ ሰው ጠፋና ጊታሩና ኦርጋኑ ቤቱን ለብቻቸው ያዙት።

ድሬ ላይ ከምሳ በኋላ ከተማው ለበርጫ ይዘጋል፤ ጋሽ ተካም ቁልፉን ለእኔ ጥሎ ወደ መቃሚያው ሄደ። ፀሐዩ ቆርቆሮውን እያንጣጣ፣ እኔ ብቻዬን የእናቴን ዘፈን ከፈትኩ። ምንም የለም። ሰዓት ቆጣሪው ይሮጣል፣ ድምፅ ግን የለም፤ ዑዱም የለም፣ ከበሮውም የለም። ገመዱን ነቅዬ ሰካሁ፣ ስፒከሩን መታሁት፣ ፕላግኢኑን አጥፍቼ እንደገና ጫንኩት። ምልክቷን ሳነሣ እናቴ ከነሳሏ ትመጣለች፤ ምልክቷን ስመልስ ትጠፋለች። አንድ ሰዓት ያህል ካሰብኩ በኋላ ገባኝ። ይህ ፕላግኢን በግራና በቀኝ ስፒከር እኩል የሚሰማውን ሁሉ ዘፋኝ ነው ብሎ ይጥላል። የስቱዲዮ ዘፈን መሣሪያዎቹን በሁለቱ ጎን ስለሚበትን ይተርፉለታል። የአባቴ ቴፕ ግን ማይክራፎኗ አንድ ስለነበረች፣ ግራውም ቀኙም ያው አንድ ነው። ስለዚህ ሁሉንም ይጥለዋል። ይህን ለጋሽ ተካ መንገር ነበረብኝ። አልነገርኩትም፤ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ ቁልፍ መልሼ አላውቅም።

ሰብለ ያን ወር ሙሉ ከሱቁ ጀርባ ባለው ክፍል ሲዲውን እየከፈተች ከእናቴ ሥር ሥር ስትለማመድ ከረመች። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ አጎቷ ያላትን የምታደርግ፣ ቀና ብላ የማታይ ልጅ ነበረች። ትንፋሹን፣ ዕረፍቱን፣ የሐረሪውን ቃል ሁሉ እንዳለ ነው የቀዳችው፤ ይባስ ብላ ደቻቱ ጋ ስትደርስ እንደ እናቴ ትስላለች። የዘፈኑ አካል መስሏት ይሁን፣ አጎቷን ፈርታ ይሁን አላውቅም። ለጓደኞቼ እየነገርኩ በሳቅ ስንፈርስ ከረምን። በሰርጉ ዋዜማ ጋሽ ተካ ሥራውን አሳየኝ አለ። ሦስት የታወቁ ዘፈኖች ከፈትኩለት፤ ዘፋኞቹ ሲጠፉ አፉን በእጁ ያዘ። የሰብለንም እንስማ ሲለኝ ሁሉም ያው ነው አልኩት። ስድስት ሰዓት ሆኖ ነበር፤ በርጫ የጠራው የድሬ ሰው ደግሞ ያው ነው ሲሉት ያምናል።

በማግስቱ ይህ አሁን ፊቴ የተቀመጠው ኮምፒዩተር በጋሪ ተጭኖ ድንኳን ገባ። ሰብለ ወርቅማ ቀሚስ ለብሳ ማይክራፎን ያዘች፣ ጋሽ ተካ ድምፀ መረዋዋን የእህቴን ልጅ ስሙልኝ ብሎ አስተዋወቃትና ቁልፉን ተጫነ። ቁጥሩ ይሮጣል፣ ድንኳኑ ዝም ብሏል። ደግሞ ተጫነ። ወደ እኔ ሲዞር ለስላሳዬን አስቀምጬ ገመድ በገመድ፣ እንደ ሐኪም ቅንድቤን ሰብስቤ መረመርኩለት። ላቡ በጆሮው ሥር ሲወርድ አየሁት። ሰብለ ያለ ሙዚቃ ልትጀምር ሞክራ ከመጀመሪያው ቃል ሳታልፍ ቆመች፤ ከኋላ ጎረምሶች አፏጩ። ምን እደብቃለሁ፣ ከዚያ ወዲህ ማር በልቻለሁ፣ እንደዚያ ግን አልጣፈጠኝም።

ያኔ ከሴቶቹ መካከል ጭብጨባ ተሰማ። እናቴ ነበረች፤ የሰፈር ሰርግ አይቀርምና እሷም ተጠርታ መጥታ ነበር። ከተቀመጠችበት ሙሽራዋን ከለገሃሬ አስነሣቻት፤ እየዘፈነች መጥታ ሰብለ አጠገብ ቆመችና እጇን ያዘች። ሴቶቹ ተቀበሏት፤ ከበሮ ከየት እንደመጣ ሳላውቅ ተመታ። ሰብለም እንባዋ እየወረደ ከሥሯ ተከተለች። ደቻቱ ጋ ሲደርሱ እናቴ ሳለች። ሲዲውን የገዛው ሰው ሁሉ ያቺን ሳል ያውቃታል፤ ድንኳኑ መጀመሪያ ወደ እናቴ፣ ከዚያ ወደ ጋሽ ተካ ዞረ። ሆን ብላ ይሁን ብናኙ ይዟት እስከ ዛሬ አላውቅም። እኔ ግን ተናደድኩባት፤ ያቺን ልጅ ከውርደት ለምን አወጣቻት ብዬ ሳምንት ያህል አኮረፍኳት።

በማግስቱ ጋሽ ተካ ምን እንደነካው ሲጠይቀኝ፣ ለደስታዬ ማሟያ፣ «ፋይሉ ተበላሽቷል» አልኩት። በሚቀጥለው ሳምንት ባዶ ሲዲ ይዤ የእናቴን ዘፈን ገልብጬ ልሰርቅ ስሄድ ፋይሉ የለም። የተበላሸ ነገር ምን ያደርግልኛል፣ አጠፋሁት አለኝ። ካሴቷም አልጠፋችም ነበር፤ ከጀርባዋ ያሉትን ቀዳዳዎች በወረቀት ወትፎ የእግር ኳስ ጨዋታ ቀድቶባታል። ሲዲዎቹን ከሐፍረቱ የተነሣ ሰብስቦ አቃጠላቸው፤ ቀድሞ የተሸጡትም ርካሽ ነበሩና በድሬ ሙቀት ተላልጠው ጠፉ። የሰርጉን ቪዲዮ አገኘሁት፤ ቪዲዮ አንሺው እንደ ልማዳቸው የድንኳኑን ድምፅ አውጥቶ በላዩ የሌላ ሰው ዘፈን ጭኖበታል። እናቴ አፏን ትከፍታለች፣ የሚዘፍነው ሌላ ነው። ከመሞቷ በፊት፣ ሳሏ በበረታባት ጊዜ፣ ያቺ ዘፈን ኮምፒዩተር ላይ ትኖር ይሆን፣ አንዴ ብሰማት አለችኝ። ፋይሉ ተበላሽቷል አልኳት።

እሁድ ዕለት ማጫወቻውን ስከፍተው የድሮው ዝርዝር እንዳለ መጣ። ያደረግኳት ምልክት በሃያ ዓመቷ ሣጥኗ ውስጥ ቁጭ ብላለች። ከዝርዝሩ መካከል የሰብለ ስም አለ፣ ከጎኑም አራት ደቂቃ ከአሥራ ሁለት ሴኮንድ ይላል። ምልክቷን አነሣሁና ተጫንኩት። ማጫወቻው ፋይሉን ፈልጎ አጣና ወደሚቀጥለው ዘለለ። ሰብለ ተስፋ አድርጋ ታየኛለች። ያቺ የለመድኳት ውሸት ምላሴ ላይ መጥታ ነበር፤ አልወጣ አለችኝ። «እኔ ነኝ ያስጠፋሁት» አልኳትና ከፕላግኢኑ ጀምሮ ለአጎቷ «ፋይሉ ተበላሽቷል» እስካልኩበት ድረስ ነገርኳት። አልጮኸችም። ነጠላዋን ጉልበቷ ላይ አጥፋ ዘርግታ፣ «አቦ፣ እኔ እኮ ያን ቀን ማይክራፎኑ ነው የከዳኝ ብዬ እስከ ዛሬ ስከሰው ኖሬያለሁ» አለች። ከዚያ ማራገቢያውን አጥፋው አለችኝ።

ኮምፒዩተሩን ስዘጋው ዘፈኑን ከለገሃሬ ጀመረች። ድምፅዋ የእናቴ አይደለም፤ ቀጭን ነው፣ ዕድሜም ገብቶበታል። ትንፋሹ ግን የእናቴ ነው፣ ዕረፍቱ የእናቴ ነው፣ የሐረሪው ቃል አነሣሥ የእናቴ ነው። ደቻቱን ስትሻገር፣ ሁለተኛው አንጓ ላይ፣ ሳለች። እንዴት እንዳለቀስኩ አልናገርም። ከእናቴ ድምፅ ለእኔ የተረፈችው ያቺ ሳል ናት፤ እሷም ሃያ ዓመት ሙሉ የኖረችው እኔ ባዋረድኳት ሴት ጉሮሮ ውስጥ ነው። ጋሽ ተካን አሁንም ይቅር አላልኩትም። ሰብለ ስትጨርስ ስልኬን አውጥቼ መቅጃውን ከፈትኩና ድገሚልኝ አልኳት።