ከኋላችን የበራው መብራት

ሰው ሲሰደድ በሌሊት ነው የሚወጣው። እኔ ግን ከጅግጅጋ የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ፣ ገበያው ሞልቶ፣ በዋናው መንገድ መሐል ለመሐል ነው። እናቴ የዋዜማው ማታ፣ “ሲጨላልም ብትሄጂ ምናለ? ሰው አያይሽም” ብላ ለምናኝ ነበር። “ያላየኝ ማን ቀረና ነው?” አልኳት። እውነቴን ነው። በዚያ ሰሞን ዳሌዬን ያላየ የከተማችን ሰው ቢኖር መስጊዱ በር ላይ የሚቀመጠው ዓይነ ስውር ለማኝ ብቻ ነበር። ለእሱም ሳይተርኩለት አልቀሩም።

አባቴ ሃምሳ አለቃ ታደሰ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ጫማውን ይቦርሻል። ሻንጣዬን አይቷል። ወዴት ነው አላለኝም። “ደህና ሁን አባባ” አልኩት። ብሩሹ ቆመ፤ ከዚያ ቀጠለ። የአባትና የልጅ ስንብት ይኸው ነው። ከወራት በፊት ጀምሮ አላናገረኝም ነበርና የዚያን ዕለት ይጀምራል ብዬ መጠበቄም ሞኝነት ነበር።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ፤ እዚህ አሁን የምኖርባት ጅቡቲ ያለው ያገሬ ሰው ሁሉ የየራሱን እየጨመረ ስለሚያወራው ከባለቤቷ አፍ ስሙት።

አያቴ በወታደርነት መጥቶ ጅግጅጋ የቀረ ነው። አባቴም እዚያው ተወልዶ፣ እዚያው ዘምቶ፣ እዚያው ጡረታ ወጣ። እኔ አፌን የፈታሁት በአማርኛም በሶማሊኛም ነው። ከጦርነቱ በኋላ የቀበሌያችን የኪነት ቡድን ሲቋቋም፣ ዳንቶ የምትጨፍር የሃምሳ አለቃ ልጅ ተገኘች ተብዬ ገባሁ። ዳንቶ የሶማሌዎች ጭፈራ ነው፤ ወንድና ሴት ፊት ለፊት ተሰልፈው፣ እንደ ግመል አካሄድ ረጋ ብለው፣ በእርምጃና በትከሻ የሚጨፍሩት። ያለማመደችን ገበያ ውስጥ ጨርቅ የምትሸጠው ኤዶ ሳህራ ናት። ኤዶ አክስት ማለት ነው፤ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ እንዲያ ነበር የሚጠራት።

የምንለብሰው ድሪያ፣ የሶማሌ ሴቶችን ሰፊ ቀሚስ ነበር። ድሪያ እንደምታውቁት ስስ ነው፤ ስለዚህ ከሥሩ ወፍራም የውስጥ ቀሚስ ይለበሳል፣ ከላይም ሻርፕ ጣል ይደረጋል። ከዚህ ሌላ ማንም ያልጻፈው አንድ ሕግ አለ። ድሪያ የለበሰች ሴት ፀሐይን ከኋላዋ አድርጋ አትቆምም። እኛ አገር ያደገች ሴት ይህን ሳታስበው ታደርገዋለች፤ በር ላይ ቆማ ስታወራ ፀሐይዋ ስትዞር እሷም ትዞራለች። ኤዶ ሳህራ ሜዳ ላይ ስታሰልፈን መጀመሪያ የምታየው እኛን ሳይሆን ሰማዩን ነበር። “ቆረሕ! ቆረሕ!” እያለች በዱላዋ ታዞረናለች። ፀሐይ! ፀሐይ! ማለቷ ነው።

አንድ ቀን ከአዲስ አበባ ቪዲዮ የሚቀርጹ ሰዎች መጡ። የብሔረሰቦችን ጭፈራ ለበዓል ዝግጅት እንቀርጻለን አሉ። አዘጋጃቸው ቤት ውስጥ እንኳ ጥቁር መነጽር የማያወልቅ ሰው ነው። ሜዳው ነፋስና አቧራ አለው ብሎ ወደ ቀበሌው አዳራሽ አስገባን፤ መስኮቶቹን ሁሉ በብርድ ልብስ አስሸፈናቸው። ከዚያ ልብሳችንን ዳበስ አድርጎ፣ “ከሥር ያለውን ወፍራም ነገር አውልቁት” አለ። “ካሜራ ያወፍራል። በርሜል ነው የምትመስሉት።”

ሁላችንም ኤዶ ሳህራን አየን። እሷ ደግሞ መስኮቶቹን አየች። ድርግም ብለዋል። ፀሐይ የለም። ራሷን ነቀነቀችና፣ እሺ አለች።

የተሸወድነው እዚህ ላይ ነው። ሕጋችን የፀሐይ ሕግ ነበር፤ ጣሪያ ሥር የገባች ሴት የምትፈራው ምንም የለም። ቤት ውስጥ ፀሐይ ይዞ የሚመጣ ሰው መኖሩን ከየት እንወቅ? ኤዶ ሳህራን ለድምፁ ጸጥታ ሲባል ከአዳራሹ አስወጧትና አንድ ግዙፍ መብራት ከኋላችን ተከሉ።

“ጓድ፣ መብራቱ ለምን ከኋላ ሆነ?” አልኩ እኔ።

“ለጥልቀት ነው የኔ እህት። ለጥልቀት!”

ካሜራ ያዡ ደግሞ መኪና ሥር እንደገባ መካኒክ ወለሉ ላይ ተንጋለለ። እኛ ስለ ዝናብና ስለ ግመል እየዘፈንን፣ ላባችን ጠብ እስኪል ጨፈርን። ሲያልቅ አጨበጨቡልን። ደስ ብሎኝ ነበር፤ አሁን ሳስበው የሚያንገበግበኝ ይኸው ደስታዬ ነው።

ከአዲስ አበባ ካሴቱ ተልኮ ሲመጣ ቀበሌው ሕዝቡን በአዳራሽ ሰበሰበ። አባቴ ኮቱን ለብሶ፣ ጎረቤቱን ሁሉ ጠርቶ፣ “ልጄን ኑና እዩ” ብሎ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠ። ቴሌቪዥኑ ተከፈተ። ዘፈኑ የኛ አይደለም። የኛን ድምፅ አውጥተው ስለ ወገብና ስለ ጥም የሚያላዝን የአንድ ወንድ ዘፈን ለጥፈውበታል። ወንዶቹ ጨፋሪዎች ከነፊታቸው፣ ከነክብራቸው ይታያሉ። ሴቶቹ ግን ፊት የለንም። ዳሌ አለን። ጭን አለን። መብራቱ ድሪያውን አልፎ ያላሳየው ነገር የለም። ከታች ወደ ላይ፣ እንደገና ከታች ወደ ላይ፤ ረጋ ያለውን እርምጃችንን ቆራርጠው፣ እየደጋገሙ፣ እኛ ያልጨፈርነውን ጭፈራ ሠርተዋል። መጨረሻ ላይ ብቻ፣ ስድቡ አድራሻ እንዳያጣ ይመስል፣ የኔን ፊት አንዴ አሳዩት። እየሳቅሁ ነበር።

ከአዳራሹ ኋላ አንድ ሰው አፏጨ። አባቴ ተነሳ። ወንበሩን በወታደር ደንብ ወደ ቦታው መለሰና ወጣ። ከዚያ ወዲያ አንድም ቃል አላናገረኝም። የታጨሁለት መምህር ቀለበቱን በሽማግሌ አስመለሰ። ካሴቱ ተባዝቶ፣ በኮንትሮባንድ በገባ ዴክ፣ በየሻይ ቤቱ መታየት ጀመረ። ኤዶ ሳህራ አንዱ ሻይ ቤት ገብታ ቴሌቪዥኑ ላይ ሻርፗን አልብሳበት ወጥታለች አሉ።

ዝም አላልኩም። ለባህል ጉዳይ ኃላፊው አመለከትኩ። ደረቱ ላይ ባጅ ያለው፣ ሲናገር ስብሰባ ላይ ያለ የሚመስል ሰው ነው።

“ጓድ፣ ይህ ካሴት ይሰብሰብልኝ። እንዲህ ይደረጋል ተብዬ አልተጠየቅሁም።”

“ኪነት የሰፊው ሕዝብ ሀብት ነው” አለኝ።

“ጭኔም የሰፊው ሕዝብ ነው?”

“ስሜታዊ አትሁኚ ጓዲት። አንቺ ራስሽ ለብሰሽ፣ ራስሽ ጨፍረሻል። ያስገደደሽ አለ?”

“ጨፍሪ አሉኝ፣ ጨፈርኩ። የጨፈርኩትን ግን አላሳዩም።”

“ታዲያ ያልጨፈርሽው ከሆነ ምን አስቆጣሽ?”

ለዚህ መልስ የምታገኙ ካላችሁ ጻፉልኝ። እኔ በሩን በርግጄ ወጣሁ።

ኤዶ ሳህራ የጅቡቲ ባቡር በሚያልፍባት በአዲጋላ ዘመድ ነበራት፤ ጨርቅም የምታስመጣው በእሱ በኩል ነው። ከድሬዳዋ ባቡር ያዝኩ፤ አዲጋላ ስወርድ ሰውየው ድንበሩን በእግር ያሻግረኛል። አዲጋላ ሳንደርስ ግን ፈታሽ ወታደሮች ገቡ።

“የይለፍ ወረቀት።”

የለኝም። መታወቂያዬን ብቻ ሰጠሁት። እሱን ሳይሆን እኔን አየና ዓይኑ ፈጠጠ። “ቆይ፣ ቆይ፣ አንቺ የቪዲዮዋ ልጅ!” ጓደኛውን ጠራው። ጓደኛው ተጠራጠረ። “እስቲ ተነሺና ዞር በይ፣ እናረጋግጥ” አለኝ።

“መታወቂያው ላይ ያለው የፊት ፎቶ ነው” አልኩት።

ተሳፋሪው ሳቀ፣ እነሱም ሳቁ፤ መታወቂያዬን መልሰው አለፉ። ከጎኔ የተቀመጠውን ሰውዬ ግን የይለፍ ወረቀት ስለሌለው አወረዱት። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ካገሬ ያባረረኝም ያው ቪዲዮ፣ የፍተሻ ኬላ ያሳለፈኝም ያው ቪዲዮ ነው። ከአዲጋላ በኋላ ያለውን ድንጋይና እሾህ በእግሬ ስጓዝ ከጥሙ ይልቅ ያ ሳቅ ነበር የሚያቃጥለኝ።

ስለ ጅቡቲ ሙቀት አትጠይቁኝ። ጅግጅጋ ጠዋት ጠዋት ሹራብ የሚያስለብሰውን ነፋስ ስንረግም የኖርን ሰዎች ግፍ ሠርተናል። እዚህ ነፋሱ ራሱ ከምድጃ ነው የሚወጣው፤ ካምሲን ይሉታል። ውኃው ጨው ጨው ይላል። ዓሣው መልካም ነው፣ አልዋሽም። ግን የግመል ወተት ያለበት የኛን ሻይ የሚያውቅ ሰው የነዚህን የቆርቆሮ ወተት ሲጠጣ እንባው ይመጣል። ሥራ ያገኘሁት ቡላንዠሪ፣ ማለትም ዳቦ ቤት ነው፤ እንደ ክንድ የረዘመ ባጌት ስሸጥ እውላለሁ። ደንበኛው ሁሉ “ማዳም” ይለኛል። ከዚያ ቪዲዮ ወዲህ እንዲህ ያለ ክብር ስላልሰማሁ በመጀመሪያው ሰሞን ጆሮዬ አላመነም ነበር።

ከዚያ ቤት ልከራይ ሄድኩ። ባለቤቱ ሐጂ ሮብሌ ቁልፉን በእጁ ይዞ ትኩር ብሎ አየኝ። የምናወራው በሶማሊኛ ነው።

“ከጅግጅጋ ነኝ አልሽ? ለዳንሰኛ አላከራይም።”

“ዳቦ ሻጭ ነኝ ሐጂ።”

“የቪዲዮዋን ልጅ ትመስያለሽ።”

“ፊቷን አይተውታል?”

ሐጂ ከልቡ አሰበበት። “ፊቷ መጨረሻ ላይ ነው አሉ” አለ። “እኔ እስከዚያ አልደረስኩም።”

“ታዲያ እኔን በምኔ አወቁኝ?”

ጺሙን እየዳበሰ መሬት መሬት አየ። ከዚያ ቁልፉን ሰጠኝ። እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ወደ ማዶ ይሻገራል።

አሁን እዚህ ቪዲዮ የሚከራይበት ቤት በየማዕዘኑ ነው። ከፈረንሳይም፣ ከግብፅም፣ ካገራችንም የመጣ ዘፈን ይታያል፤ ዳሌ በዳሌ ነው። ጓደኞቼ አንቺ መቼም ትጠይዋለሽ ይሉኛል። ተሳስተዋል። ዳሌ አልጠላም። በሠርግ ላይ እናቶቻችን ራሳቸው ወገባቸውን አስረው የሚጨፍሩትን ብታዩ የፈረንሳይዋ ታፍራለች። በገዛ ፈቃዷ፣ ምን እንደሚታይ አውቃ ለምትጨፍር ሴት አጨበጭባለሁ። የምጠላው ያንን መብራት ነው። የምጠላው ከኋላዬ ተክሎ “ለጥልቀት ነው” የሚለኝን አፍ ነው። እሱ ዛሬም አዲስ አበባ መነጽሩን አድርጎ ይቀርጻል፤ ምናልባት ሽልማትም አግኝቷል። የተሰደድኩት እኔ ነኝ። ይህን ሳስብ ባጌቱን በጉልበቴ እሰብረዋለሁ፤ ደንበኛም ያጉረመርማል።

ከእናቴ ጋር የምንገናኘው በስልክ ነው። እኔ እዚህ ፖስታ ቤት አስመዘግባለሁ፤ እዚያ ቴሌ የጥሪ ወረቀት ይልክላታል። አባቴ ደህና ነው ወይ እላለሁ፤ ደህና ነው ትላለች። ሰላም በይልኝ እላለሁ፤ እሺ ትላለች። ዓመታት እንዲህ አለፉ።

ባለፈው ዓርብ ግን ድምፅዋ ሌላ ነበር።

“ሳህራ ትናንት ቤት መጥታ ነበር” አለችኝ። “አርጅታለች፣ በዱላ ነው የምትሄደው። ያንቺን ድሪያ ከሳጥን አስወጣችኝና በረንዳው ላይ አባትሽ ፊት ዘረጋችው። ፀሐይዋን ከኋላው አድርጋ፣ እጇን በጨርቁ ጀርባ አስገባች። ጣቶቿ አንድ ባንድ ይታያሉ፣ ቀለበቷ ሳይቀር። ከዚያ ደግሞ ዞረችና ፀሐይዋ ከፊት እንድታርፍበት አድርጋ ዘረጋችው። ምንም የለም፤ ድፍን ጨርቅ። ‘ሃምሳ አለቃ፣ መብራቱን ከኋላቸው ነው ያደረጉት’ አለችው። ሌላ ምንም አልጨመረችም፤ ሻይም አልጠጣች።”

“እሱስ ምን አለ?”

“አብሮኝ መጥቷል። እዚህ ነው ያለው። እንኪ።”

የስልኩ እጀታ ኳ አለ። ትንፋሹን አወቅሁት። ያ ወታደር አባቴ፣ ፀሐይን በጀርባ ይዞ መተኮስ ምን እንደሆነ ከማንም በላይ የሚያውቅ ሰው፣ ቃሉን ፈልጎ እስኪያገኝ ጠበቅሁት።

“መብራቱን ከኋላ ያደረገው ማን ነው?” አለ።

“አዘጋጁ።”

 

“አንቺስ ያን ጊዜ ለምን አልነገርሽኝም?”

እንባዬ መጣ፤ ግን የሐዘን አልነበረም። ንዴት ነው፣ ለዓመታት የተቆለለ።

“መቼ ጠየቅኸኝ አባባ?”

መስመሩ ተንጫጫ፣ ከዚያ ጸጥ አለ። “አባባ? አባባ?” አልኩ። የፖስታ ቤቱ ሰው ከመስኮቱ ወዲያ “ፊኒ፣ ማዳም፣ ከዚያ በኩል ተቋርጧል” አለኝ። እሱ ይዝጋው፣ መስመሩ ይውደቅ፣ አላውቅም። የጅግጅጋ መስመር መውደቅ ልማዱ ነው፤ ያባቴም ዝምታ ልማዱ ነው።

ካቢኑን ለቅቄ ከመውጣቴ በፊት ለሚመጣው ዓርብ ሌላ ጥሪ አስመዘገብኩ። ሰውዬው እንደ ወትሮው የእናቴን ስም ሊጽፍ ሲጀምር እጁን ያዝኩት።

“ሃምሳ አለቃ ታደሰ ብለህ ጻፍ” አልኩት።