ብልጭልጭ የማይወደው ዌንደል

ዌንደል ካንጋስ ኮምፒውተሩን ሲከፍት ስክሪኑ ላይ ምንም አይታይም። ጥቁር ነው። ስዕል የለ፣ ምልክት የለ፣ ሰዓት እንኳ የለ። ጣቶቹን ቁልፎቹ ላይ ሲያሳርፍ ግን መስኮቶቹ እንደ ጡብ ጎን ለጎን ይደረደራሉ፤ ማውስ ሳይነካ ሥራውን ጨርሶ ይነሳል።

ማርሊስ ኦስትቢ ይህንን ስክሪን "የመነኩሴ በዓት" ትለዋለች። እሷም እንደ እሱ የምትጠቀመው ሊኑክስ ነው፤ ማንም በነፃ ወስዶ እንደ ፈቀደ የሚያበጀው፣ ኮምፒውተሩን የሚያሠራ ፕሮግራም ስለሆነ ግን የእሷ ሌላ ዓለም ነው። መስኮት ስትዘጋ በእሳት ተቃጥሎ ይጠፋል፣ ስትጎትተው እንደ ጄሊ ይርገበገባል፣ ሥራ ስትፈታ ደግሞ ስክሪኑ ላይ ዝናብ ይዘንባል። ዌንደል "የሰርግ ድንኳን" ይለዋል።

"በዚህ ሁሉ ግርግር መሀል ሙሽራዋ የታለች?" ይላታል።

"አንተ ቤትማ ሙሽራዋ ከነሚዜዎቿ ሸሽታለች" ትለዋለች።

ይህንን ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት በእሳት አደጋ ጣቢያው የኋላ አዳራሽ እየሰማሁ ብዙ ክረምት አሳልፌአለሁ። አጠገባችን ያለው የሱፒሪየር ሐይቅ በረዶውን ሲያወርድብን ሰዉ መደብሮች "ጣሉት" ያሏቸውን አሮጌ ላፕቶፖች ታቅፎ ይመጣል። እኛም ሊኑክስ እንጭንበታለን፤ ላፕቶፑም ነፍስ ይዘራል። እኔ ራሴ እዚያ የገባሁት ከሰው ግቢ በርካሽ የገዛሁትን ተሸክሜ ነው። የምሠራው ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ነው፤ ኮሌጅ የሚባል አላየሁም። ዌንደል አጠገቡ ወንበር ስቦ "ቁጭ በል፣ አንተ ትጭናለህ፣ እኔ አያለሁ" አለኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ያወቅሁት ሁሉ ከዚያች ወንበር የተገኘ ነው። ስለዚያች ወንበር እግዚአብሔርን ሳላመሰግን የቀረሁበት እሑድ ያለ አይመስለኝም።

ዌንደል የትምህርት ቤት አውቶቡሶች መካኒክ ነበር። ጡረታ ከወጣ በኋላ የቀረው ሥራ ይህ የቅዳሜው ብቻ ነው። ባለፈው ዓመት በረዶው ሲጀምር የዓይኑ መሀል መጥፋት ጀመረ። ሰው ሲያይ ፊቱ ይጠፋበታል፤ ጆሮውና ጸጉሩ ግን ይታየዋል። ሐኪሙ ጠርዙ እንደማይጠፋ፣ መሀሉ ግን እንደማይመለስ ነገረው። ይህንን የምታውቀው ሚስቱ ሎርና ብቻ ነበረች። መንዳት ማቆሙን በጸጋ ተቀበለው፤ የፈራው ቅዳሜን ማጣት ነበር። እኛ ዘንድ መጥቶ "በቃኝ" ማለትን ከጨለማው ይልቅ ፈራው አለችን ሎርና፣ ኋላ ስትነግረን።

የደበቀውም በጣቶቹ ነው። ሊኑክስን የሚጭነው ፕሮግራም፣ የመጫኛው፣ ጥያቄዎች በምን ተራ እንደሚመጡ ጣቶቹ ያውቁታል፤ ሳያነብ እየመለሰ ክረምቱን ገፋ።

አንድ ቅዳሜ ከፖስታ ቤት ጡረታ የወጣችው ኢርማ ላፕቶፕዋን ይዛ መጣች። ባትሪው ሞቷል፣ በገመድ ብቻ ነው የሚሠራው። የልጅ ልጆቿ ፎቶ ሁሉ ያለው እዚያ ውስጥ ስለሆነ የድሮው ሳይነካ አዲሱ ከጎኑ እንዲጫንላት ለመነች። ዌንደል እሺ ብሎ ጀመረ። የዚያን ጊዜ የያዝነው መጫኛ ግን አዲስ ነበር፤ የጥያቄዎቹ ተራ ተለዋውጧል። ድሮ "ልቀጥል?" በሚልበት ቦታ አሁን "ዲስኩ ላይ ያለውን ሁሉ ላጥፋ?" ይላል። ዌንደል አንዴ ተጫነ። "እርግጠኛ ነህ?" የሚል መጣ። ማርሊስ ፓስቲ የሚሉትን በሥጋና በድንች የተሞላ ዳቦ እየገመጠች በኋላው ስታልፍ ጽሑፉን አየችው። ጣቱ ሁለተኛ ሊወርድ ሲል ገመዱን ከግድግዳው ነቀለችው።

የሥጋና የድንቹ ፍርፋሪ ትከሻው ላይ ተራገፈ።

"ምን ሆነሃል አንተ?"

"አላየሁትም።"

"ምኑን?"

"ጽሑፉን" አለ። "ያንቺንም ፊት ካየሁ ቆይቻለሁ ማርሊስ" አላት።

የኢርማ ፎቶ አልተነካም፤ ተመስገን። ዌንደል ግን ኢርማን ይቅርታ ጠይቆ የመሣሪያዎቻችንን ቁም ሳጥን ቁልፍ እጄ ላይ አስቀመጠና ኮቱን ለበሰ። "ልሸኝህ" ስለው "ሎርና ትመጣለች" አለኝ።

መጀመሪያ ያሰብነው ሞኝ ሰው ሁሉ የሚያስበውን ነው፤ ፊደሉን ማሳደግ። ቤቱ ሄጄ አሳደግሁለት። ያ እንደ ጡብ የሚደረደር ስክሪኑ አንድ ቃል ብቻ መያዝ ጀመረ፤ የቃሉም መሀል ያው ይጠፋል። ረጅም ጽሑፍ የሚያነብ ድምፅ ጨመርንለት፣ እሱስ ጠቀመው። ለቅዳሜው ሥራ የሚያስፈልገው የማውስ ቀስት የት እንዳለ፣ አዲስ ጥያቄ የትኛው ጥግ ብቅ እንዳለ ግን ድምፁ አይነግረውም። "ተወው፣ ሌላ ሰው አስተምር" አለኝ። ወደ ቤቴ ስመለስ የጸለይኩት አንድ ነገር ነው፤ ጌታ ሆይ፣ አንድ መላ ስጠን።

መላው በማርሊስ በኩል መጣ። ማርሊስ የወረዳው በረዶ ጠራጊ መኪና ነጂ ናት። የበረዶ ማዕበል ሲነሳ ፊት ለፊት ያፈጠጠ ሰው ምንም አያይም ትላለች፤ ከፊት የሚሄደውን ጓደኛዋን ብርቱካናማ መብራት የምትይዘው በዓይኗ ጠርዝ ነው፣ እሱም ብልጭ ስለሚል። ይህንን መንገድ ላይ ሳለች አሰበችው መሰለኝ፤ መኪናውን እንዳቆመች ደወለችልኝ። ላፕቶፕዋን ይዛ አብረን ሄድን።

ዌንደል ምን እንደያዘች ሲሰማ ፊቱን አዞረ።

"ድንኳንሽን ሳሎኔ ውስጥ እንዳትተክዪ።"

"ፊትህን እንዳዞርክ ቆይ" አለችው። "ስክሪኑን አትየው። ሎርናን እያየህ ቀስቱን ፈልግልኝ።"

ማውሱን ነቀነቀችው። ቀስቱን ዙሪያውን የብርሃን ፍንጣሪ ከበበው፤ ዌንደል ሲሳለቅበት የኖረው ያ ጌጥ ነው። ጣቱን ቀስ አድርጎ ዘረጋና የስክሪኑን ግራ ጥግ ነካ። ልክ እዚያው ነበር። ቦታ ቀየረችበት፣ አገኘው። አንድ የጥያቄ መስኮት ከፈተች፤ እየተርገበገበ ሲወጣ "ከታች በቀኝ" አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው። ሎርና ኩሽና ገብታ ውኃ ስትከፍት ሰማናት፤ የምታጥበው ዕቃ ግን አልነበረም።

"ሃያ ዓመት ሙሉ የሰደብኩት ነገር ነው" አለ ዌንደል።

"ሰድበኸዋል" አለችው ማርሊስ፤ "እሱ ግን አልተቀየመህም።"

ያን ቀን በእሱ ላፕቶፕ ላይ ጫንንለት። ከዚያ ዌንደል ወደ ራሱ ተመለሰ፤ ማውጣት ጀመረ። እሳቱ ይውጣ። ዝናቡ ይውጣ። የሚሽከረከረው ነገር ሁሉ ይውጣ። ማርሊስ ቤቷ ሲዘረፍ እንደምታይ ሰው ታቃስታለች። በመጨረሻ የቀረው ፍንጣሪው፣ መርገብገቡና ጥቁር ላይ ቢጫ አድርጎ ፊደል የሚያጎላ የስክሪን ማጉያ ብቻ ነው። ጀርባው አሁንም ጥቁር ነው።

"አየሽ" አላት፣ "ዛሬም የማያስፈልገኝን ነው ያወጣሁት። ይሄ አስፈልጎኝ ነው የቀረው።"

ማርሊስ ላፕቶፕዋን ዘጋችና ኮቷን አነሳች።

በማግሥቱ ጠርቶ አንድ መልእክት አስጻፈኝ። ያ ፍንጣሪ የተሠራበትን ፕሮግራም የሚያርሙት ሰዎች የሚነጋገሩበት ገጽ አለ፤ ወደ ታች ብናነብ ብናነብ ስሞታ ብቻ ነው። ይሄ ተበላሽቷል፣ ያ ዘገየ። ዌንደል "አንድ ሰው እንኳ አመሰግናለሁ አላለም?" ብሎ የሚጻፈውን ነገረኝ፣ እኔም ጻፍኩ። ስሙን፣ ከተማውን፣ ዓይኑን፣ ቅዳሜን። ፍንጣሪው ቀስቱን እንደሚያሳየው። ሌላ ምንም አልጠየቀም።

ሳምንት ሳይሞላ የፍንጣሪው ሠሪ መለሰልን። ከየት አገር እንደሆነ አልገለጸም። ያንን ጌጥ ወጣት ሳለ ለጨዋታ እንደሠራው፣ ማንም አይጠቀምበትም ብሎ በሚቀጥለው እትም ሊያወጣው ወስኖ እንደነበር፣ አሁን ግን እንደማያወጣው ጻፈ። መልሱን ሁለት ጊዜ አነበብኩለት። ስሙን አናውቅ፣ መልኩን አናውቅ፤ ሠርቶ በነፃ ለቀቀው፣ እኛ ዘንድ ደረሰ። በጎ ነገር ሁሉ ከየት እንደሚመጣ ለማያውቅ ሰው ይህንን ባሳየሁት እላለሁ።

ቅዳሜ ዌንደል ወደ አዳራሹ ተመለሰ፤ ከምግቡ በፊት እንደ ልማዱ ጸለየ። ስለ ፓስቲው፣ ስለ ተጠረገው መንገድ፣ ስማቸውን ስለማናውቃቸው ሰዎች እጅ። ማርሊስ አሜን ያለችው ከሁላችን ጮክ ብላ ነው።

ከሰዓት በኋላ ኢርማ ላፕቶፕዋን ይዛ ተመለሰች። የመጣችው ዌንደል ዘንድ ነው፤ እኔ ልቀበላት ብነሳ አልፋኝ ሄደች። ድሮ ቢሆን የራሱን ጥቁር ስክሪን ነበር የሚሰጣት። አሁን ወንበር ሳበላትና ኮምፒውተሩን ለምን እንደምትፈልገው፣ ዓይኗ እንዴት እንደሆነ፣ እጇ ማውስ ላይ ይንቀጠቀጥ እንደሆነ ጠየቃት። ትልልቅ ምልክቶችና የልጅ ልጆቿን ስዕል እንደምትፈልግ ነገረችው። "እሺ፣ ይደረጋል" አለ፣ ትንሽ እያጉረመረመ።

ፎቶዎቹን መጀመሪያ ወደ ሌላ ዲስክ ገለበጥናቸው። ከዚያ ፍንጣሪውንና መርገብገቡን የጨመርንበትን መጫኛ ጀመረ። መስኮቱ እየተርገበገበ ወጣ፤ ዌንደል ፊቱን ትንሽ ወደ ጎን መለስ አድርጎ ያዘው።

"አንብብልኝ" አለኝ።

አነበብኩለት።

ጣቱን አንስቶ ቆየ። "ድገመው።"

ደገምኩለት። ከዚያ ተጫነ።