ለጣውንቴ የተመረጠው ሃርድ ዲስክ

«እህቴ፣ የቱን ልስጥሽ? ባለ ኮከቡን ነው ባለ ክቡን?» አለኝ ባለሱቁ ባለፈው ሳምንት፣ ደሴ ፒያሳ። ሁለት ሃርድ ዲስኮች መስታወቱ ላይ ጎን ለጎን ደረደረልኝ። የፈረንጅ ስማቸው ለአፍ ስለማይመች በልጥፋቸው ላይ ባለው ምልክት ነው የምንጠራቸው። እኔ አሮጌውን ባለ ወፉን ከቦርሳዬ አውጥቼ በእጄ ይዣለሁ። ሰሞኑን ሲከፈት ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ማለት ጀምሯል። ልጄ ሀያት የአባቷን ፊልም ስታይ ምስሉ ድንገት ይቆምና እሱ አፉን እንደከፈተ ይቀራል። ድምፁን አውቀዋለሁ። በልጅነት ትዳሬ ቤቴን ያመሰው ይኸው ድምፅ ነበር።

አባቷ እንድሪስ ሐይቅ ከተማ የፊዚክስ አስተማሪ ነበር። ለስኳር በሽታው በየቀኑ መርፌ ይወጋል፤ ከዚያ ውጭ ምንም የማይወጣለት ሰው። ለውጥ መጣ ተብሎ በተጨበጨበ ማግስት ከውጫሌ አግብቶ ወሰደኝ። እኔ ገና ልጅ ነገር ነኝ፤ እሱ ግን ሚስቱ መዲና በወሊድ ከነልጇ ሞታበት ብቻውን የከረመ ነው። ዘመድ ሁሉ «የሞተች ሴት ምን ታደርግሻለች? ቤቱ ያንቺ ነው» አለኝ። እኔም አመንኩ። ያኢላሂ! በሕይወት ያለች ጣውንት ብትሆን ገበያ ላይ ጠብቄ አፈጥባታለሁ፣ እሰድባታለሁ፣ ይወጣልኝ ነበር። የሞተችን ምን ይሏታል? አታረጅ፣ አትነጫነጭ፣ ወጥ አታሳርር።

የእሷ ሰርግ ተቀርጾ ኮምፒውተሩ ውስጥ ተቀምጧል። የኛ ኒካህ ሲሆን ግን «ሐዘን የነካው ቤት ነው፣ ካሜራው ይቅር» ተባለ። ለእኔ እኮ የመጀመሪያዬ ነበር! አንድ ቀን እንድሪስ ፊልሙን ሲያይ ከጀርባው ቆሜ አብሬው አየሁ። ሐይቁ ዳር ነው። ነፋሱ ሻሿን ያነሳዋል። መዲና የተጠበሰ ቆረሶ ዓሣ አጥንቱን እየለቀመች ታጎርሰዋለች፤ እሱ ደግሞ አፉን ሞልቶ ይስቃል። ያን ሳቅ እኔ ቤት አይቼው አላውቅም። ከዚያ ወዲያ ዓሣ ይሸተኛል ብዬ ቤቴ እንዳይገባ ከለከልኩ። ሐይቅ ከተማ ተቀምጦ ዓሣ መከልከል! ጎረቤቶቼ ያረገዝኩ መስሏቸው እሰይ አሉ።

እንግዲህ የኮምፒውተሩ ዲስክ ጠቅ ጠቅ ማለት ሲጀምር የኔን ደስታ አስቡት። ጠቅ ባለ ቁጥር ልቤ ቅቤ ይጠጣ ነበር። እንድሪስ ግን መቆሚያ መቀመጫ አጣ። የትኛው ዲስክ እንደሚታመን ያልጠየቀው ሰው የለም። ኮምፒውተር የሚያስተምረው ባልደረባው «ባለ ኮከቡ ሲሞቅ ይፈዛል» ይለዋል። ፎቶ ቤት ያለው ጓደኛው «ባለ ክቡ ለዘፈን ይበቃል፣ ሰርግ ግን አላምነውም» ይለዋል። ዱባይ የሚመላለስ ዘመዱ ደግሞ «ያገለገለውን አዲስ ልጥፍ ለጥፈው ይሸጡልሃል፣ ዐይንህን ግለጥ» እያለ ያስፈራራዋል። ራት በቀረበ ቁጥር ወሬያችን ይኸው ነው። ወላሂ፣ እኔን ሊያገባ ሽማግሌ ሲልክ ያን ያህል አላጠያየቀም!

ክረምቱ ሲገባ ሚኒባስ ተሳፍረን ደሴ ሄድን። ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ፒያሳን ሸፍኗታል፤ ሰው የተጠበሰ በቆሎ እየጋጠ በየበረንዳው ተጠልሏል። እንድሪስ ሱቅ ሱቅ ሲል ዋለ፤ እኔም ጫማዬ ውሃ እያስገባ ተከተልኩት። በመጨረሻ አንዱ ጋ ገብተን ሦስቱም ዓይነት ቀረበለት። እሱ ስልክ ሊያነሳ ወደ ደጅ ብቅ ሲል እኔ ወደ ባለሱቁ ጠጋ አልኩ።

«ወንድሜ፣ ከነዚህ ቶሎ የሚሞተው የቱ ነው?»

«ቶሎ የማይሞተው ማለትሽ ነው?»

«የሚሞተው ነው ያልኩህ!»

ሳቁን ዋጥ አደረገ። «እህቴ፣ ሁሉም ይሞታል። ቀኑን ነው የማናውቀው» አለኝ። እንድሪስ ተመልሶ ባለ ወፉን መረጠ። ባለሱቁ እኔን ሰርቆ እያየ ጠቀለለለት።

ቤት ገብተን የድሮውን ገልብጦ ሲጨርስ «ዘሀራ፣ ነይ እዪ» ብሎ ጠራኝ። ሁለት ፎልደር ከፍቷል። በአንዱ ላይ መዲና ተብሎ ተጽፏል፣ በሌላው ላይ የኔ ስም።

«የኔው ባዶ ነው» አልኩ።

«ዲስኩ ሰፊ ነው፤ እሷ የያዘችው ጥጉን ነው። የቀረው ሁሉ ያንቺ ነው። በይ ስልክሽን አምጪ፣ የተነሳናቸውን ፎቶዎች እናስገባ።»

ይህን ሰምታ የማትደሰት ሴት ትኖራለች? አለች፣ እኔ ነኛ!

«ጣውንት እንኳ የየራሷ ቤት አላት!» ብዬ ጮህኩበት። «በወጉም በሸሪዓውም ሁለት ሴት ባንድ ጣሪያ ሥር አይታጎርም። ከሷ ጋር ባንድ ዲስክ ልታዳብለኝ ነው? የራሴን ግዛልኝ!»

እንድሪስ መጀመሪያ አፍጥጦ አየኝ፣ ከዚያ ሳቀ። ያን የሐይቁን ዳር ሳቅ፣ እኔ ቤት፣ በኔ ምክንያት! ዕንባው እስኪመጣ ከሳቀ በኋላ «አብሽሪ፣ ለመውሊድ የራስሽን እገዛልሻለሁ» አለኝ። ስልኬን አልሰጠሁትም። አዲስ ቤቴን እጠብቃለሁ ብዬ ኮራሁ።

መውሊድ ሳይደርስ ጦርነቱ ውጫሌ ደረሰ። ማሽላው እሸት ላይ ነበር፤ የሚያጭደው ሰው ግን ልጁን አዝሎ ወደ ደሴ መንገድ ይጎርፋል። እኔም በዚህ ጊዜ ሀያትን በእውነት አርግዤ ነበር። እንድሪስ መድኃኒቱንና አንድ ብርድ ልብስ ይዞ በር ላይ ቆመ።

«ዲስኩስ?» አልኩት።

«ተይው። አንቺና የሆድሽ ትበቁኛላችሁ።»

ይህን ቃል ስጠብቅ ነው የኖርኩት። ግን ደጃፉን እንደተሻገርን ሌላ ነገር መጣብኝ። ትተናት ብንሄድ ይህ ሰው ዕድሜውን ሙሉ በልቡ ይዟት ሊዞር ነው። በልቡ ከምትቀመጥ ዲስኩ ውስጥ ትቀመጥልኝ! ተመለስኩና በቢላ ጫፍ ብሎኑን ፈትቼ አወጣኋት። በፎጣ ጠቅልዬ ጀርባዬ ላይ አሰርኳት። ከፊቴ ልጄን፣ ከኋላዬ ጣውንቴን ተሸክሜ የደሴን መንገድ ተያያዝኩት። እንድሪስ እያየኝ ራሱን ይነቀንቅ ነበር። ስልኬ የተነሳናቸውን ፎቶዎች እንደያዘ እዚያው ግርግር ውስጥ ጠፋ።

ከደሴ ኮምቦልቻ ዘመድ ቤት ገባን። መብራት የለም፣ መንገዱ ተዘግቷል፣ መድኃኒት ቤት ብንሄድ መደርደሪያው ባዶ ነው። የእንድሪስ መርፌ አለቀ። በኅዳር ብርድ ውሃ ውሃ ሲል ሰነበተና አረፈ፤ አላህ ይዘንለት። ሀያትን አላያትም። ሐይቅ ስመለስ ቤቱ ውስጥ ኮምፒውተሩ ቀርቶ የቆመበት ጠረጴዛ እንኳ አልነበረም።

እንግዲህ እንድሪስ ዛሬ ሲራመድና ሲስቅ የሚታየው በዚያ ፊልም ብቻ ነው፣ መዲና እያጎረሰችው። ሀያት «እማ፣ አባዬን የምታጎርሰው ቆንጆ ማናት?» ትለኛለች። «አክስትሽ ናት» እላታለሁ ጥርሴን ነክሼ። ሰው ጊዜ ሲያልፍ ቅናት ይበርዳል ይላል። የኔ አልበረደም። ያኔ የሰርግ ቀኗን ነበር የምቀናባት፤ ዛሬ እሱ መኖሩን የሚያሳየውን ማስረጃም ይዛዋለች። ቢሆንም ዓሣ ቤቴ ይገባል፤ ሀያት እንደ አባቷ ቆረሶ ትወዳለች፣ አጥንቱን የምለቅምላት እኔ ነኝ።

«ባለ ወፉ የለህም?» አልኩት እንግዲህ ባለፈው ሳምንት ባለሱቁን። ያው የድሮው ሰው ነው፤ እኔን ግን አላስታወሰኝም።

«አለ። ትንሽ ወደድ ይላል።»

«ቶሎ የማይሞተው እሱ ነው?»

«እህቴ፣ ያንቺው ይሄን ሁሉ ከቆየ ምን ትጠይቂኛለሽ?» አለና አሮጌውንም አዲሱንም ኮምፒውተሩ ላይ ሰካካቸው። አሮጌው ጠቅ ጠቅ ብሎ፣ ብሎ፣ በስንት መከራ ተከፈተ። ሁለቱ ስሞች ብቅ አሉ።

«ቶሎ እንገልብጥ፣ መሀል ላይ እንዳይሞትብን» አለኝ። «ይሄ ዘሀራ የሚለው ግን ባዶ ነው። ላጥፋው?»

«እንዳትነካው!»

ሱቁ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ድምፄን ዝቅ አደረግሁ።

«መጀመሪያ እሱን ገልብጥልኝ። የሷ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።»

ግራ ገብቶት አየኝና እሺ አለ። የኔ ቀደመ። ምንም ጊዜ አልፈጀበትም።