የእማዬ መድኃኒት ሰጪ

ወንድሜ መስታወት ቆራጭ ነበር። ከሞተ ወዲህ ሰው ሲያነሳው ወይ «እጁ የተባረከ ባለሙያ» ይላል፣ ወይ «ያ የእናቱን መድኃኒት የሰረቀው» ይላል። ሁለቱም እውነት ነው።

ቤት ውስጥ ማሙሽ ነበር የምንለው። ጢም አውጥቶ፣ ደሞዝ እያመጣም ማሙሽ ነው። የሚሠራበትን ጠባብ ሱቅ አሮጌ ምንጣፍ የለበሰ ረጅም ጠረጴዛ ሞልቶታል፤ መስታወቶቹ ግድግዳ ተደግፈው ይቆማሉ። መቁረጫውን ጋዝ ያስነካና ከጫፍ እስከ ጫፍ አንዴ ይስበዋል፤ ጨርቅ ሲቀደድ የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ይወጣል። ከዚያ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ጫን ሲያደርገው ለሁለት ይከፈላል። በአንድ መስመር ላይ ሁለቴ አይጭርም። «ሁለቴ የሚጭር ሰው ስብርባሪ ጠራጊ ነው» ይላል። አፈኛም ነበር። አንዲት ደንበኛ «ይሄ መስታወት ወፍራም አድርጎ ያሳየኛል» ብትለው፣ «እሜቴ፣ እኔ መስታወቱን እቀይራለሁ፤ የቀረውን እርስዎ ይጨርሱት» ብሎ ሱቁን በሳቅ ሞላው።

አንድ ቀን ትልቅ የበር መስታወት በደረጃ ሲያወጡ ከኋላ የያዘው ጓደኛው አዳለጠው። መስታወቱ ተሰብሮ የማሙሽን ክንድ ከክርኑ እስከ አንጓው ሸረከተው። ተሰፋ፤ የህመም ማስታገሻ እንክብል ታዘዘለት። ቁስሉ ደረቀ፣ እንክብሉ ግን አልቆመም። ማዘዣው ሲያልቅ ያለ ማዘዣ የሚሸጥለት አገኘ። እሱ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ እዚያ ሰፈር ካሉት የእሱ እኩዮች አንዱ ለወገቡ፣ አንዱ ለእንቅልፉ፣ አንዱ እንዲያው ደስ እንዲለው ይውጣል። «ከረሜላ» ነው የሚሉት። የሱቁ ባለቤት ጠረጴዛው ላይ ሲያንቀላፋ እያየ ብዙ ታገሰው። ሁለቴ የጫረ ቀን አሰናበተው።

ሥራ መፍታቱ እኛ ቤት እንደ ሲሳይ ተቆጠረ። እማዬ አጥንቷ ውስጥ የገባ ካንሰር ነበረባት፤ እኔ ደግሞ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ስለምሠራ ቀን ቤት አልውልም። «ወንድ ልጅ እንዲህ ሲያስታምም የት ታይቶ!» እያሉ ጎረቤቶች መረቁት። መድኃኒቷ ሞርፊን ነው፤ በጠርሙስ ያለ ፈሳሽ፣ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ተለክቶ በአፍ የሚሰጥ። ለኪው ማሙሽ ሆነ።

እማዬ ግን አልተሻላትም። ትራሷን ነክሳ ታቃስታለች። ቤት ድረስ የምትመጣው ነርስ ለሐኪሙ ነግራ መጠኑ ተጨመረ። ለውጥ የለም። ደግሞ ተጨመረ። «በሽታው እየገፋ ነው» አለችን። ማሙሽ አንገቱን ደፍቶ ሰማ።

አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ አዲስ ጠርሙስ ራሴ አምጥቼ ገባሁ። ማሙሽ ሶፋው ላይ አገጩ ደረቱ ላይ ወድቆ ተኝቷል። እማዬ ከጓዳ ትጣራለች። ደሜ ፈላ፤ ቁርጭምጭሚቱን በጫማዬ መታሁት።

«ተነስ አንተ ግዑዝ! እናትህ እየተጣራች ነው!»

«እ… እታለም፣ መጣሽ እንዴ?»

«ዓይንህን አየሁት። ዛሬም ውጠሃል።»

«ብውጥስ? የራሴን ነው።»

«የራስህ ምን አለህና? ያደረግከው ካልሲ እንኳ የእኔ ነው!»

«ላውልቅልሻ፤ እግርሽን በርዶት እንደሆነ።»

«አፍህን ዝጋ! ከአሁን ጀምሮ መድኃኒቷን የምሰጣት እኔ ነኝ። አንተ አጠገቧ እንዳትደርስ።»

«እንዳሻሽ» ብሎ ፊቱን ወደ ሶፋው መደገፊያ አዞረ።

ወደ እማዬ ገብቼ አዲሱን ጠርሙስ ከፈትኩ፤ ነርሷ እስካዘዘችው መስመር ድረስ ሲሪንጁን ሞላሁ። እማዬ ቀና ብላ አፏን ከፈተች።

«እንዳትሰጫት!»

ማሙሽ በሩን ይዞ ቆሟል።

«ከአዲሱ ነው የቀዳሽው? ትሞትብሻለች!»

«አንተ ስትሰጣት ያልሞተች በእኔ እጅ ትሞታለች?»

«እኔ የምሰጣት ውሃ ነው!»

ሲሪንጁን ከአፏ መለስኩ። እሱ ቀጠለ፤ «እየቀዳሁ እጠጣለሁ፣ በውሃ እሞላዋለሁ። ሐኪሙ ሲጨምር የነበረው እሷ ሳትቀምሰው ነው። ሰውነቷ አልለመደውም፤ ይህን ሁሉ አንዴ ከጠጣች ትንፋሿ ይቆማል። ጓደኛዬን እንዲህ ሲሆን አይቻለሁ።»

ሲሪንጁን አስቀምጬ በጥፊ አጮልኩት። እጁን አላነሳም።

«ተዪው» አለች እማዬ። «ምሬቱ ከጠፋ ቆየ እኮ። መጀመሪያ ሬት ነበር።»

«አውቀሽ ነው ዝም ያልሽው?»

«ብነግርሽ ታባርሪዋለሽ።»

«አዎ፣ አባርረዋለሁ!»

«ታዲያስ።»

ለነርሷ ደወልኩ። «እሱን አገናኚኝ» አለች፤ ምን ያህል ውሃ እንደገባበት የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር። ስልኩን ሰጠሁት። መጀመሪያ ሲሶውን፣ በኋላ ግማሹን፣ ሰሞኑን ከዚያም በላይ መሆኑን እየተንተባተበ ተናገረ። ነርሷ መጥታ ለሐኪሙ ደወለችና ከአዲሱ ጠርሙስ ጥቂት ብቻ ለክታ ሰጠቻት፤ ለማሙሽ ሰላምታ እንኳ አልሰጠችውም። እማዬ ግንባሯ ተፍታቶ ተኛች። እኔ ልብሱን በከረጢት ጠቅልዬ ደጅ አወጣሁና በሩን ቆለፍኩበት።

በማግስቱ ከሥራ ቀርቼ አስታመምኳት። እኩለ ቀን ላይ መድኃኒቷን ባቀርብላት ጥርሷን ገጠመች።

«ማሙሽስ?»

«ሄዷል።»

«ጥሪው። እሱ ሳይገባ አልውጥም።»

«እማዬ፣ የሰረቀሽ እኮ ነው! ስንት ወር ሙሉ አስጮኸሽ!»

«የሰረቀው እኔን፤ አንቺን ምን አስቆጣሽ?»

«ክፈቺ አፍሽን።»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ህመሙ እየተነሳ መጣ፤ ላቧ በአንገቷ ወረደ፣ የአልጋውን ብረት ጨብጣ ትንቀጠቀጣለች። ሲሪንጁን ይዤ ቆሜ ጠበቅኩ፤ ትሸነፋለች ብዬ። አልተሸነፈችም። መጨረሻ ላይ ጮኸች፤ ያኔ ልጠራው ሄድኩ።

ከምንኖርበት ሕንፃ አልራቀም። ታችኛው ደረጃ ላይ ከረጢቱን አቅፎ ተቀምጧል። ሱሱ ተነስቶበት አፍንጫው ይፈሳል፤ ትከሻው ይንዘፈዘፋል።

«ግባ። ለአንተ ብዬ እንዳይመስልህ።»

«አውቃለሁ።»

«መድኃኒቱ ይቆለፍበታል፤ ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው። ብትነካው ፖሊስ ነው የምጠራው።»

«ጥሪ» አለና ተከተለኝ።

ከአልጋዋ ግርጌ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። እማዬ ቀና ብላ አየችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ አፏን ከፈተች። ሰጠኋት፣ ዋጠች። እስክትተኛ ድረስ እኔ በራስጌዋ፣ እሱ በግርጌዋ ተቀመጥን። ጥርሱ ሲፋጭ ይሰማል። እማዬ ዓይኗ ከመከደኑ በፊት ወንበሩ ላይ ወደ ተጣጠፈው ብርድ ልብስ በአገጯ አመለከተችኝ። አየሁ፤ አልሰጠሁትም።